መጠይቅ ልበትን ወይስ ቁጭ ብዬ ልጠይቅ? የመረጃ መሰብሰቢያ ዘዴ አመራረጥ፣ ደረጃ በደረጃ

በመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ብዙ ተማሪዎች ያማክሩኛል። አብዛኞቹ ሲመጡ አርባና ሃምሳ ጥያቄ የያዘ መጠይቅ በእጃቸው አለ። «እስኪ እይልኝ፣ ሰኞ ልበትነው ነው» ይሉኛል። እኔ ወረቀቱን ከማየቴ በፊት «ማወቅ የፈለግከው ምንድን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ የሚነግሩኝ የጥናቱን ርዕስ ነው። ርዕስ ግን ጥያቄ አይደለም።

ጥፋቱ የተማሪዎቹ ብቻ አይደለም። የጥናቱ ዘዴ የሚገለጽበት ምዕራፍ ሦስት ከቀደሙ ተመራቂዎች ጽሑፍ እየተገለበጠ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። «መረጃው በመጠይቅና በቃለ መጠይቅ ተሰብስቧል» ተብሎ ይጻፋል። ለምን እነዚህ እንደተመረጡ፣ ለምን ሌላው እንደቀረ የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር አይገኝም። ከዚያ ሦስት ወር ይለፋል። የስንት ሰው ጊዜ ይወሰዳል። በመጨረሻ የተሰበሰበው መረጃ ጥያቄውን የማይመልስ ሆኖ ይገኛል። ይህን ሳይ በጣም ያሳዝነኛል፣ መዳን የሚችል ልፋት ነበርና።

ነገሩ እንዳይበታተንብን አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። በአዲስ አበባ ሾላ ገበያ የሚሸጡ ቸርቻሪዎች፣ ባንክ በቅርባቸው እያለ፣ ገንዘባቸውን በእቁብ የሚያጠራቅሙት ለምንድን ነው? የእናንተ ርዕስ ስለ ትምህርት፣ ስለ ጤና ወይም ስለ እርሻ ሊሆን ይችላል። አካሄዱ ግን ያው ነው።

ደረጃ 1፦ ትልቁን ጥያቄ በትኑት

አንድ ትልቅ ጥያቄ በውስጡ ብዙ ትንንሽ ጥያቄዎች አሉት። ወረቀት አውጡና ዘርዝሯቸው። የሾላው ጥያቄ ሲበተን ይህን ይመስላል፦

- ከቸርቻሪዎቹ ምን ያህሉ እቁብ ይጥላሉ? ምን ያህሉስ የባንክ ደብተር አላቸው?
- እቁብን የመረጡበት ምክንያት ምንድን ነው?
- እቁቡ በተግባር እንዴት ይካሄዳል? ማን ይሰበስባል፣ ዕጣው እንዴት ይወጣል?
- እቁብተኞቹ ስለማይከፍል ሰው ምን ያስባሉ? ምን ነውር ነው፣ ምንስ ይፈቀዳል?
- ባለፉት ሁለት ዓመታት ስንት ጊዜ ሳይከፈል ቀርቷል?

አሁን ልብ ብላችሁ አንብቧቸው። የመጀመሪያው «ስንት» ይላል። ሁለተኛው «ለምን» ይላል። ሦስተኛው «እንዴት»። አራተኛው የጋራ አመለካከትን ይጠይቃል። አምስተኛው ያለፈ ነገርን ይቆጥራል። አምስቱን በአንድ መጠይቅ እመልሳለሁ ማለት፣ በአንድ ቢላዋ ሽንኩርትም እንጨትም ልቁረጥ እንደማለት ነው።

ደረጃ 2፦ መልሱ የት እንዳለ ፈልጉ

ለእያንዳንዱ ትንሽ ጥያቄ ሦስት ነገር ጠይቁ። የምጠይቀው ሰው መልሱን ያውቀዋል ወይ? ያስታውሰዋል ወይ? ቢያስታውስስ ይነግረኛል ወይ?

ሰው ሁሉን ያውቃል ብለን መነሳት የለብንም። አንድ ገበሬ የማሳውን ስፋት በጥማድ ይነግራችኋል። ጥማድ ግን በመነሻው በአንድ ጥንድ በሬ የቀን እርሻ የሚለካ ነው። እንደ መሬቱ ዓይነትና እንደ አካባቢው ይለያያል። በብዙ አገር የተደረጉ ልኬቶች አንድ የሚደጋገም ነገር አሳይተዋል። አነስተኛ ማሳ ያለው ገበሬ ስፋቱን አብልጦ፣ ሰፊ ማሳ ያለው ደግሞ አሳንሶ የመናገር ዝንባሌ አለው። ማንም አልዋሸም። ግምት ግምት ስለሆነ ነው። ለዚህ ነው በአገራችን የሚካሄደው የማኅበራዊና ኢኮኖሚ ጥናት ገበሬውን ከመጠየቅ አልፎ ማሳውን በጂፒኤስ የሚለካው።

ማስታወስም ሌላ ፈተና ነው። «ባለፈው ዓመት ለልብስ ስንት ብር አወጡ?» ስትሉ የምታገኙት ቁጥር ትዝታ ሳይሆን እዚያው የተፈጠረ ግምት ነው። «ባለፉት ሰባት ቀናት» ብትሉ ይሻላል።

ከሦስቱ ከባዱ ግን የመጨረሻው ነው፤ ይነግረኛል ወይ የሚለው። እዚህ ላይ ይሉኝታ አለ። ገመና አለ። «ኑሮ እንዴት ነው?» ስትሉት «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል ሰው ስለ ኑሮው ምንም አልነገራችሁም። ገቢን ስትጠይቁ ደግሞ አንዱ ግብር ይጨመርብኛል ብሎ ይቀንሳል። ሌላው እርዳታ የመጣ መስሎት ችግሩን ያበዛል። ሁለቱም መልስ ሰጥተዋል። ሁለቱም እውነቱን አልሰጡም።

ሰው የሚለውና የሚያደርገው ሊራራቅ እንደሚችል በግልጽ ያሳየ አንድ የቆየ ጥናት አለ። ሪቻርድ ላፒየር የተባለ አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከአንድ ቻይናዊ ባልና ሚስት ጋር አሜሪካን ዞረ። ጊዜው በአገሪቱ በቻይናውያን ላይ ብርቱ ጥላቻ የነበረበት ነው። በ251 ሆቴሎች፣ ማረፊያዎችና ምግብ ቤቶች ገቡ። አንድ ቦታ ብቻ ከለከላቸው። ከወራት በኋላ ላፒየር ለነዚያው ድርጅቶች «ቻይናዊ ደንበኛ ታስተናግዳላችሁ?» የሚል መጠይቅ ላከ። 128 መለሱ። ከ10 ከ9 በላይ የሚሆኑት «አናስተናግድም» አሉ። ጥናቱ የራሱ ጉድለቶች አሉበት። ደብዳቤውን የመለሰው ሰውና በር ላይ የተቀበላቸው ሰው አንድ ላይሆን ይችላል። ቢሆንም መጠይቁን ብቻ የያዘ ሰው ምን ብሎ ይደመድም እንደነበር አስቡት።

ደረጃ 3፦ ዘዴዎቹን መዝኑ

መጠይቅ

ጥንካሬው ግልጽ ነው። ለብዙ ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ በአንድ ዓይነት ቃል ታቀርባላችሁ። ስለዚህ መቁጠርና ማነጻጸር ይቻላል። ሴቶቹ ከወንዶቹ ይልቅ እቁብ ይጥላሉ ወይ? አትክልት ሻጮቹስ ከልብስ ሻጮቹ ይለያሉ ወይ? ይህን የሚመልስ መጠይቅ ነው። ስም የማይጻፍበት ከሆነ ደግሞ ፊት ለፊት የሚያሳፍር ነገር ወረቀት ላይ ሊወጣ ይችላል።

ድክመቱ ከላይ አይታይም። መጠይቅ የሚመልሰው እናንተ ቀድማችሁ ያሰባችሁትን ብቻ ነው። እቁብ የሚመረጥበት ዋናው ምክንያት ከአራቱ አማራጮች ውጭ ከሆነ፣ 300 ሰው ሞልቶላችሁም አታገኙትም። «ሌላ ካለ ይጥቀሱ» የሚለውን ክፍት ቦታ ደግሞ ቆሞ እየሸጠ ያለ ሰው አይሞላውም።

«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» ስለሚለው ባለ አምስት ደረጃ አማራጭም ልንገራችሁ። ሬንሲስ ላይከርት እ.ኤ.አ. በ1932 ያስተዋወቀው ነው። ዛሬ በየመመረቂያ ጽሑፉ አለ። ችግሩ፣ እንግዳን መቃረን ነውር በሆነበት ቦታ ብዙ ሰው «እስማማለሁ» እያለ ይወርዳል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። አንዳንዱን ሐሳብ ገልብጣችሁ አስገቡት። «እቁብ ከባንክ ይሻላል» ብላችሁ ከነበረ፣ ዝቅ ብላችሁ «ባንክ ከእቁብ ይሻላል» በሉ። በሁለቱም የተስማማውን ሰው ያኔ ታገኙታላችሁ።

የናሙና ብዛትም ብዙ ተማሪ የሚሰናከልበት ነው። 400 ቸርቻሪዎች ቢኖሩ፣ በአምስት በመቶ ስህተት የናሙና ብዛት የሚያሰላው የያማኔ ቀመር 200 ይሰጣችኋል። የኮክራን ቀመር ለትልቅ ሕዝብ 384 ወይም 385 ይላል። ተማሪው ቁጥሩን ሲያገኝ ይረጋጋል። ሁለቱም ቀመሮች የሚሠሩት ግን ሰዎቹ በዕጣ ሲመረጡ ነው። በር ላይ ቆማችሁ ፈቃደኛ የሆነውን 384 ሰው ብትጠይቁ ቀመሩ ምንም አይረዳችሁም። እ.ኤ.አ. በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ የአሜሪካ መጽሔት ለ10 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የምርጫ መጠይቅ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበ። ለፕሬዚዳንትነት ከሩዝቬልት ጋር የተወዳደሩት አልፍ ላንደን ያሸንፋሉ አለ። ሩዝቬልት ከ48 ግዛቶች 46ቱን አሸነፉ። ስሞቹ በብዛት የተወሰዱት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች ዝርዝር ነበር። በዚያ የድህነት ዘመን ስልክና መኪና ያለው ማን እንደነበር ግልጽ ነው። በዚያ ላይ መጠይቁን ሞልቶ የመለሰውና ያልመለሰው ሰው አንድ ዓይነት አልነበረም።

ዛሬ ይህ ስህተት በቴሌግራም ይደገማል። የጎግል ፎርም ሊንክ በአምስት ግሩፕ ይለጠፋል። በሁለት ቀን 250 መልስ ይመጣል። ደስ ይላል። ግን እነማን ናቸው የመለሱት? ስማርት ስልክና ዳታ ያላቸው፣ ማንበብ የሚወዱ፣ አብዛኞቹም የእናንተ ዕድሜ ያላቸው። ጥናታችሁ ስለ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከሆነ ሊያስኬድ ይችላል። ስለ ሾላ ቸርቻሪዎች ከሆነ አያስኬድም።

መጠይቅ በትክክል እንዲሠራ ምን እንደሚያስፈልገው ለማየት በ2008 ዓ.ም. የተካሄደውን የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ተመልከቱ። በ16,650 ቤተሰቦች፣ ከ15,683 ሴቶችና ከ12,688 ወንዶች ጋር ተሠርቷል። መጠይቁ ወደ አማርኛ፣ ትግርኛና አፋን ኦሮሞ ተተርጉሟል። በትኖ መሰብሰብ የሚባል ነገር የለም። የሠለጠነ ሰው ቤት ድረስ ሄዶ እያነበበ ይጠይቃል። ማንበብ የማይችለው ሰው ከጥናቱ አይወጣም። እናንተም በአነስተኛ አቅም ይህን መቅዳት ትችላላችሁ። ወረቀት አድላችሁ ከምትሄዱ፣ መጠይቁን ኮቦ በተባለው የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ጭናችሁ ራሳችሁ እየጠየቃችሁ ሙሉ።

ቃለ መጠይቅ

«ለምን» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ የለም። ያላሰባችሁት ነገር የሚመጣው እዚህ ነው። ለምሳሌ አንዲት ሻጭ «ባንክ ያለ ብር ዘመድ ሲቸግረው ይወጣል፣ እቁብ ላይ ያለን ብር ግን ማንም አበድሪኝ አይለኝም» ልትላችሁ ትችላለች። በአንድ ዓረፍተ ነገር አዲስ መላ ምት ሰጠቻችሁ። በየትኛው የመጠይቅ ሳጥን ውስጥ ይገባ ነበር?

አጠያየቁ ግን ጥበብ ይፈልጋል። ሰውን በቀጥታ «ለምን?» ካላችሁት መርማሪ የያዘው ይመስለዋል። መከላከል ይጀምራል። «እስኪ የመጨረሻው እቁብ ሲወጣልዎት የነበረውን ይንገሩኝ» በሉ። ታሪኩ ውስጥ ምክንያቱ ራሱ ይመጣል። አጠራራችሁም መንገድ ይከፍታል ወይም ይዘጋል። እትዬ፣ እማማ፣ ጋሼ እንደ ሰውየው ዕድሜና እንደ አካባቢው ነው። ያልለመደ ሰው «የተከበሩ የጥናቱ ተሳታፊ» ብሎ ቢጀምር ወሬው እዚያው ይደርቃል። ዝምታንም አትፍሩ። ሰው ዋናውን ነገር የሚናገረው ብዙ ጊዜ «በቃ ጨረስን» ብላችሁ መቅጃውን ልታጠፉ ስትሉ ነው።

ድክመቱ አንደኛ ጊዜ ነው። ሁለተኛ፣ ጠያቂው ራሱ መልሱን ይለውጠዋል። ስለ ወሊድ መከላከያ ለወጣት ወንድ የሚነገረውና ለሴት የሚነገረው አንድ አይደለም። የቀበሌ ሠራተኛ እያስተዋወቃችሁ ከገባችሁም የመንግሥት ሰው ሆናችኋል። ሦስተኛ፣ ከ15 ሰው ቃለ መጠይቅ ተነስቶ «60 በመቶ የሚሆኑት...» ብሎ መጻፍ አይቻልም። ይህን ስህተት ስንቴ እንዳየሁት!

«ስንት ሰው ላናግር?» ለሚለው ቁርጥ ያለ ቁጥር የለም። አዲስ ሰው ስታናግሩ አዲስ ነገር መስማት ካቆማችሁ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት፣ በጋናና በናይጄሪያ ከሴቶች ጋር የተደረጉ 60 ቃለ መጠይቆችን መርምሮ፣ ዋና ዋናዎቹ ሐሳቦች በመጀመሪያዎቹ 12 ውስጥ መገኘታቸውን ጽፏል። ያ ግን ተመሳሳይ ለሆኑ ሰዎች ነው። የእናንተ ሰዎች በኑሮም በሥራም የተለያዩ ከሆኑ ጨምሩ።

የቡድን ውይይት

ብዙ ሰው ስምንት ሰው በአንድ ጊዜ የሚጠየቅበት ርካሽ ቃለ መጠይቅ ያደርገዋል። አይደለም። የቡድን ውይይት የሚጠቅመው ሰዎች እርስ በርስ ሲነጋገሩ፣ ሲከራከሩ፣ ሲተራረሙ ለመስማት ነው። «የማይከፍል ሰው ምን ይደረግ?» ብላችሁ ጣል አድርጉና ዝም በሉ። አንዱ «ዋሱ ይክፈል» ይላል። ሌላዋ «ልጅ ታሞበት ከሆነስ?» ትላለች። ያን ጊዜ የማኅበሩን ሕግ እየሰማችሁ ነው።

የግል ገመና ግን እዚህ አይጠየቅም። ማንም ሰው በእቁብተኞቹ ፊት «እኔ ሳልከፍል ቀርቻለሁ» አይልም። የእቁቡን ዳኛ ከጣዮቹ ጋር ካስቀመጣችሁ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ይናገራል፣ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል። ስለዚህ ቡድኑን ለዩ። ዳኞችና ጸሐፊዎች ለብቻ፣ ጣዮች ለብቻ። እንደ ርዕሱ ሴቶችና ወንዶች፣ ወጣቶችና ታላላቆችም ለየብቻ። ከስድስት እስከ አሥር ሰው ይበቃል። አንዱ ሲያወያይ ሌላው ማስታወሻ ይያዝ። መቅጃ ላይ የማን ድምፅ እንደሆነ በኋላ አይለይም።

ምልከታ

የሚደረገውን በዓይን ማየት ነው። ጧት ሰብሳቢው በየመደቡ እየዞረ ብር ሲቀበል አብራችሁት ዙሩ። ማን ወዲያው ይሰጣል፣ ማን «ማታ ና» ይላል፣ ሰብሳቢውስ ምን ብሎ ይመልሳል? ይህን ሰው ቢጠየቅ አይነግራችሁም። መደበቅ ፈልጎ ሳይሆን የለመደው ነገር ስለማይታየው ነው።

ድክመቱ፣ የሚታይ ሰው ጠባዩን ያሳምራል። ቺካጎ አጠገብ በነበረው የሆቶርን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1924 ጀምሮ የተደረጉት ሙከራዎች በዚህ ይታወቃሉ። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች በቁጥሮቹ ላይ ቢከራከሩም ማስጠንቀቂያው ዛሬም ይሠራል። የክፍል ትምህርት ለመመልከት አንድ ቀን ብቻ የሄደ ተማሪ ያየው መምህሩ ለእንግዳ ያዘጋጀውን ትምህርት ነው። ደጋግማችሁ ሂዱ። በሦስተኛው ቀን ሰው ይለምዳችኋል። ማስታወሻችሁንም በዚያው ዕለት ጻፉት፣ አንድ ሌሊት ካደረ ግማሹ ይጠፋል። እና አትርሱ፣ ምልከታ «ምን» ይላል እንጂ «ለምን» አይልም። ደብቆ መመልከት ደግሞ የሥነ ምግባር ጥያቄ አለበት። ከአማካሪያችሁ ጋር ሳትነጋገሩ አታድርጉት።

ሰነድ

የእቁቡ ጸሐፊ መዝገብ ያለፉትን ሁለት ዓመታት ይዟል። አይረሳም፣ አያፍርም፣ እናንተም ስለመጣችሁ አይለወጥም። አምስተኛው ጥያቄያችን ከዚህ የተሻለ መልስ የለውም።

ግን ማንኛውም ሰነድ ሲጻፍ ለእናንተ ተብሎ አልተጻፈም። ጸሐፊው የከፈለውን ይመዘግባል እንጂ ያልከፈለው ለምን እንዳልከፈለ አይጽፍም። የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ደግሞ ከዕቅድ ጋር ስለሚነጻጸር ወደ ላይ ሊሳብ ይችላል። ከአንድ በላይ ምንጭ አይታችሁ አመሳክሩ። ቀኑን ልብ በሉ። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። አንዱ ሰነድ በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጆቹ ከሆነ ሳይታወቃችሁ ዓመት ታዛባላችሁ። የሕዝብ ብዛት ስትጠቅሱም፣ ከ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ወዲህ ያለው ቁጥር ትንበያ መሆኑን ጻፉ።

ደረጃ 4፦ አቅማችሁን በሰዓት ቁጠሩ

ይህን የሚያደርግ ተማሪ ጥቂት ነው። 20 ቃለ መጠይቅ፣ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት እንበል። 20 ሰዓት ድምፅ አላችሁ ማለት ነው። አንድ ሰዓት ድምፅ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። 100 ሰዓት። በቀን አምስት ሰዓት ብትሠሩ 20 ቀን። ትርጉም ካለበት ይጨምራል። 200 መጠይቅ ፊት ለፊት ከሆነ፣ አንድ ሰው በቀን ስምንት ቢሞላ 25 ቀን ነው። ሁለት ሰው ካላችሁ ግማሹ።

የትብብር ደብዳቤና የሥነ ምግባር ፈቃድ የሚወስደውን ጊዜም አስገቡ። ወቅቱንም እዩ። በበዓል ዋዜማ ሳምንት ገበያ ውስጥ ማንም አያናግራችሁም። ገጠር ከሆነ በአጨዳ ሰሞን ገበሬውን ከማሳ መጎተት ነውር ነው።

ደረጃ 5፦ ሁለት ምረጡና ቅደም ተከተል ስጧቸው

ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ አምስቱንም መጠቀም አያስፈልግም። ሁለት ይበቃል፣ ቢበዛ ሦስት። ቅደም ተከተሉ ግን ለውጥ ያመጣል። ስለ ጉዳዩ ብዙ ካልተጻፈ በቃለ መጠይቅ ጀምሩ። ሻጮቹ የነገሯችሁ ምክንያቶች የመጠይቁ አማራጮች ይሆናሉ፣ በራሳቸው ቃል። ቁጥሩ አስቀድሞ ካላችሁና ያልገባችሁ ነገር ካለ ደግሞ ከመጠይቁ በኋላ ጥቂት ሰዎችን ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ።

ለሾላው ጥናት እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። መጀመሪያ 12 ያህል ቃለ መጠይቅ፣ ከዚያ መጠይቅ፣ ከጎን የሁለት ወይም የሦስት እቁብ መዝገብ። የቡድን ውይይቱን እተወዋለሁ። በአንድ ገበያ ውስጥ ሁሉም ስለሚተዋወቅ የተነገረው ነገር ወጥቶ ሰው ሊጎዳ ይችላል።

ሁለቱ ዘዴዎች የተለያየ መልስ ቢሰጧችሁ አትደንግጡ፣ አትደብቁትም። መጠይቁ ላይ ሁሉም «ሁልጊዜ በሰዓቱ እከፍላለሁ» ቢሉና መዝገቡ ሌላ ቢያሳይ፣ ልዩነቱ ራሱ ግኝት ነው።

ደረጃ 6፦ ቃላቱን በሰው ላይ ሞክሩ

ከዋናው ሥራ በፊት ከአሥር ሰው ጋር ሞክሩት። «ገባዎት?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ ሁሉም ገባኝ ይላል። «ይህን ጥያቄ በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ» በሉ። ጉዱ የሚወጣው ያኔ ነው።

አንድ ቃል ጥናት ሊያበላሽ ይችላል። «ቁጠባ አለዎት?» ስትሉ ለብዙ ነጋዴ ቁጠባ ማለት ባንክ ነው። በየቀኑ እቁብ እየጣለ «የለኝም» ሊላችሁ ይችላል። ሳያውቅ ጥናታችሁን ገለበጠው። «ቤተሰብ» ሲባልም አንዱ አብሮት የሚበላውን ይቆጥራል፣ ሌላው ገጠር ያሉ እናቱን ይጨምራል። «ገቢ» ሲባል አንዱ የቀን ሽያጩን ይነግራችኋል፣ ሌላው ትርፉን። ዕድሜ ስትጠይቁ 30፣ 35፣ 40 ይበዛባችኋል፣ ሰው ወደ ሙሉ ቁጥር ያጠጋጋልና። መጠይቁ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ከሆነ፣ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው። ሁለቱን አስተያዩ።

ደረጃ 7፦ ፈቃድና ምስጢር

ለምን እንደመጣችሁ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ ያልፈለገውን ጥያቄ መተው እንደሚችል ንገሩት። እርዳታ እንደማይመጣም በግልጽ ተናገሩ፤ ዝም ካላችሁ ይጠብቃል። ፊርማ የሚያስፈራው ብዙ ሰው አለ። ወረቀት ላይ ፈርሞ የተጎዳ ሰው ሊሆን ይችላል። የቃል ፈቃድ ለመጠቀም ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ለሥነ ምግባር ኮሚቴው አቅርቡ። ስምና መልሱን በአንድ ፋይል አታስቀምጡ። የቀዳችሁትንም ድምፅ በቴሌግራም ለጓደኛ «ገልብጥልኝ» ብላችሁ አትላኩ። ያ ሰው ገመናውን የነገረው ለእናንተ ነው።

ደረጃ 8፦ ድክመቱን በስሙ ጥሩት

በውሱንነት ክፍል «የጊዜና የገንዘብ እጥረት ነበር» ብቻ ብሎ ማለፍ ለማንም አይጠቅምም። አንባቢው ማወቅ የሚፈልገው የመረጣችሁት ዘዴ የትኛውን መልስ እንዳሳሳተና ምን እንዳደረጋችሁ ነው። ለሾላው ጥናት እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«መጠይቁ የተሞላው ቋሚ መደብ ባላቸው ቸርቻሪዎች ነው። ዕቃ ይዘው እየዞሩ የሚሸጡት ዝርዝራቸው ስላልተገኘ አልተካተቱም፤ ግኝቱ እነሱን አይወክልም። ሳይከፈል ስለቀረ እቁብ በመጠይቁ የተገኘው ቁጥር በመዝገቡ ካለው ያነሰ ነው። ተጠያቂዎቹ በይሉኝታ ቀንሰው ሳይናገሩ አልቀሩም ብለን ስለገመትን፣ በዚህ ነጥብ ላይ የተመሠረትነው በመዝገቡ ነው። መዝገቡ ግን የሦስት እቁቦች ብቻ ነው፤ ሦስቱም የተገኙት ጸሐፊዎቹ ለማሳየት ፈቃደኛ ስለሆኑ ነው።»